ሦስት ሚሊሜትር

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ መሰንጠቂያው ቆመ፤
የጥድ ግንድ እንደ ተነከሰ በመንጋጋው መሀል ተጋደመ።
ስክሪኑ ላይ ቁጥር የለም፤ ሰረዝ ብቻ፣ ሰረዝ በሰረዝ፣
ክንዱ የት እንዳለ ጠፍቶት ማሽኑ ቆሞ ሲፈዝ።

ስልኬ ጮኸ። የካያኒ ብርድ ሃያ ሰባት ከዜሮ በታች፤
መኪናዬ አልነሣም ብላ ሦስቴ ሳለች።
ኡርፖ በር ላይ ጠበቀኝ፤ «ሞተ» አለ፤ ሌላ አልጨመረ፤
እኛ ዘንድ ለሰውም ቢሆን ከዚህ የረዘመ ቃል አልነበረ።

ግፊቱን አወረድሁ፤ መለኪያው ዜሮ እስኪል ጠበቅሁ፤
ቫልቩን ዳግም ከፍቼ የቀረች ትንፋሹን አስወጣሁ።
የታመቀ ዘይት ዝምተኛ ነው፤ ዝምተኛ ደግሞ አላምንም፤
ያስተማረኝ ቪልዮ፣ በስምንት ጣቱ፣ ይህን መንገር አይሰለቸውም።

ከሲሊንደሩ ጀርባ ተንበረከክሁ፤ ስድስት ብሎን፣ አንዱ የዛገ፣
በመዶሻ ካልተለመነ አልወጣም ማለት የፈለገ።
ከዚያ ሴንሰሩን ሳብሁት፤ ከእርሳስ አይበልጥም ውፍረቱ፣
ረጅም ቀጭን ዘንግ፣ የፒስተን ሆድ ነበር ቤቱ፤
በማግኔት ቀለበት መሀል፣ ሳይነካት፣ ሳትነካው አልፎ፣
«እዚህ ነህ፤ አሁን እዚህ» ሲል የኖረ፣ አንዲት ሰከንድ ሳይተኛ ዐርፎ።
ዘይት ተከትሎት ወጣ፤ ከባልዲው ተርፎ እጅጌዬን አራሰ፤
አንገቱ ጋ፣ ኬብሉ በሚገባበት፣ ውሃ ሠርጎ መዳቡን አረንጓዴ አልብሶ ጨረሰ።

አዲሱን ብርድ ወርሶት ነበርና በብብቴ ይዤ አሞቅሁት፤
ጎሚኒውን ዘይት ቀብቼ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ቀስ ብዬ ሰደድሁት።
ክንዱን እስከ ጥግ ሰበሰብሁ፦ ዜሮ። እስከ ጥግ ዘረጋሁ፦ ሰባት መቶ።
ሰረዙ ጠፋ፤ ቁጥር መጣ፤ ማሽኑ ወደ ገዛ ክንዱ ተመለሰ መንገዱን አግኝቶ።

«በል ቁረጥ» አልሁት።

የመጀመሪያው ጣውላ ወጣ። ካሊፐሬን አስጠጋሁ፦
ሃምሳ ያልነው አርባ ሰባት።
ዳግም ለካሁ። አርባ ሰባት።
ሁለተኛው ጣውላ፣ አርባ ሰባት።
ወደ ሲሊንደሩ ሮጥሁ፤ ብሎኑን፣ ገመዱን፣ ዜሮውን አየሁ፤
መቶ ስህተት ፈለግሁ፤ አንድም አላገኘሁ።
ራሴን ጠረጠርሁ፤ ሴንሰሩን የሠራውን ፋብሪካ ሰደብሁ።
ከዚያ ቀና ስል ጣቱን አየሁ።

የኡርፖ አውራ ጣት፣ ከእጀታው ጎን ያለችውን ትንሽ ማዞሪያ
ግንዱ ምላጩን ሳይነካ በፊት ግማሽ ዙር ያዞራታል፤
ዐይኑ ግንዱ ላይ ነው፤
ጣቱ ለብቻው ይሠራል።

«ምንድን ነው እሱ?»
«የቱ?»
«ጣትህ።»
የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ አየው።

ብዙ ዝም አለ። ዓመት የሚቆጥር መሰለኝ።
«ያኛው ይዋሽ ነበር» አለ በመጨረሻ፤ «ሦስት ሚሊ ያህል።
ሲጀምር ልጄ ሔልካ ትምህርት ቤት አልገባችም።
አሁን ኦሉ ጥርስ ትነቅላለች።»
«ለምን አልተናገርህም?»
«ጣውላው ልክ ነበር» አለኝ።

ቀኝ እጁን ኪሱ ከተተ፤ በግራው ብቻ ነካው፤
ሦስተኛው ጣውላ ሃምሳ፤ ፀጉር እንኳ አላነሰው።
አላጨበጨብንም። ጥር ነው፤ ንጋት ገና ሩቅ ነው፤
መሬቱ ላይ የቀረውን ዘይት ሰጋቱራ አለበስነው።

የሞተውን ሴንሰር ከባልዲው አውጥቶ በጨርቅ ወለወለ፤
«ልውሰደው?» «ምን ያደርግልሃል?» ትከሻውን ሰበቀ፤ ምንም አላለ።

ስወጣ በመስኮቱ አየሁት። ማሽኑ ይቆርጣል፤ ቁጥሩ ልክ ነው።
ቀኝ እጁ አሁንም ኪሱ ውስጥ፤
የሱሪው ጨርቅ ግን፣ አውራ ጣት በሚያህል ቦታ፣
ግንድ በመጣ ቁጥር
ግማሽ ዙር ይንቀሳቀሳል።