ሁለተኛው ደብዳቤ

ዊበ ፖስተኛ ነው፣ የላይደን ሰው፣ ጉልበቱ የዛለ፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ በቦዮቹ ዳር
በብስክሌት ደብዳቤ ያደለ።
«ክንድህን አበድረን» አሉት፣ «ለክትባት ሙከራ»፤
እጅጌውን ሰበሰበ፣ ሳይጠይቅ፣ ሳይፈራ።

ነርሷ ፌና አስረዳችው፦
«የቺምፓንዚ ጉንፋን ነው፤ ግን አኮላሽተነዋል፤
እንዳይራባ አንድ ቅጠል ከመጽሐፉ ገንጥለነዋል።
በክፍተቱም የጠላትን ጦር መልክ ሰፋን፣
ጠላቱን ሳይሆን ምስሉን ጻፍን።
ሴልህ በር ይከፍታል፣ ገጹን ያነባል፣
ያነበበውን ቀርጾ ለዘቦችህ ያሳያል።»
ገባው። ደብዳቤ ማድረስ ነው፤ ይህንማ ያውቃል።

በወሩ ደሙ ሲመረመር ቁጥሩ ሽቅብ ወጣ፤
በስምንተኛው ሳምንት ሁለተኛው መርፌ መጣ።
ያው ብልቃጥ፣ ያው ክንድ፣ ያችው ነርስ።
ቁጥሩ እዚያው ቆመ፣ ካሰቡት ሳይደርስ።

ፌና ወረቀቱን ስታይ ቅንድቧ ተሰበሰበ።
«ምን አጠፋሁ?» አለ ዊበ፣ ወደ ጠረጴዛው እየቀረበ።
«አንተማ ምን አጠፋህ! ዘቦችህ ናቸው አብዝተው የነቁት፣
ከደብዳቤው ጋር ተሸካሚውንም ያወቁት።
ኮቱን፣ ኮፍያውን፣ አረማመዱን ይዘዋል፤
በር ሳያንኳኳ ደጅ ላይ አንቀው ጥለውታል።»

ዊበ ሳቀ።
ከዚያ ዝም አለ።
የቁጥር አርባ ሁለት ውሻ ትዝ አለው፣
በመጀመሪያው ቀን ጭራውን ቆልቶ እጁን የላሰው።
በማግስቱ ግን ብርቱካናማውን ጃኬት ገና ከመታጠፊያው ሲያይ
ዘሎ ሰፈረ ሱሪው ላይ።
በፖስታው የነበረው የአንድ ሕፃን ፎቶ፣ ለአያቱ የተላከ፣
ጭቃ ውስጥ ወድቆ ሳይከፈት ቦካ።
በኋላ ሰፈሩን ለሻርዳ ሰጧት፣ ለሱሪናሟ፤
አረንጓዴ ካፖርት ለብሳ በእግሯ ስትመጣ
ውሻው አሽትቶ አሳለፋት።
ሁለተኛው ፎቶ በእሷ እጅ ገባ።

«እንግዲያ መልእክተኛ ቀይሩ።»
«እየሞከርን ነው፤ ሌላ ቫይረስ፣ ሌላ ኮት፣
ወይም ዘቦቹ እስኪያዘናጋቸው ረዘም ያለ ወራት።
ግን ስንት እንግዳ ፊት አለ?
አንዳንዱ ክንድ ደግሞ የተሸካሚውን ዘመድ
በልጅነቱ ጉንፋን ተዋውቆታል፤
የመጀመሪያውንም መርፌ ከደጅ ይመልሰዋል።»

ዊበ እጅጌውን አወረደ፣ ብስክሌቱን ፈታ።
መታወቅን ወዳጅነት ይለው ነበር፣ እስከዚያች ማታ።

ውሻው ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል።
እግሩ ግን እስከ ዛሬ፣ ሳያዘው፣
ያን ደጃፍ ዞሮ ያልፋል።