ቀበቶ የታሰረ ጀሪካን

ደላላ ነኝ እኔ፣ ከቱሉ ዲምቱ በር፣
ሰው ምን እንደሚሻ ሳደምጥ የምኖር።

ዱሮ ገዢ ሲመጣ ጎማውን ረግጦ፣
ኮፈኑን አስከፍቶ፣ ሞተሩን አዳምጦ፣
«ባሌስትራው ይችላል ሁለት ኩንታል ጤፍ?
ፖርቶመጋላውስ በግ ሲጫን አይረግፍ?»
መልኩን ማን ጠየቀ፤ ቀለሙን ማን ያያል፤
ዳገት ከወጣማ ዝገቱም ያምራል።

አሁን ሌላ ነው።
ጎማ የሚረግጥ የለም፤
ገብቶ ይቀመጥና ስክሪኑን ይነካል፤
«ስንት ኢንች ነው?» ይላል፤ «ስልኬንስ ያውቀዋል?
አንዴ ቻርጅ ሲደረግ ሐዋሳ ያደርሳል?»
ጣራው መስታወት ነው፣ ኮከብ የሚያስቆጥር፣
እጀታው እንደ ኤሊ አንገቱን የሚሰውር።
ገዢ የተመኘውን ፋብሪካው ይሰማል፤
ሩቅ ነው፣ ጆሮው ግን ከእኔም ያይላል።
የእኛን ሰፈር ጥያቄ ማን ያደርስለታል?

ከመንገዱ ማዶ ባትላሜራው ኩምሳ
አንድ ቀን አስከፈተ የአዲሲቱን ኮፈን፤
ሞተር ሊያይ ጎንበስ ሲል ጥቁር ፕላስቲክ ሽፍን።
«ይሄማ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ኮፈን አይደል፣ ከፈን።»

እሑድ ጠዋት ደግሞ ትርሲት ከተፍ አለች፣
ከኮዬ ፈጬ ነች፣ አራተኛ ፎቅ ነች።
እኔው ነኝ ያሻሻጥኳት ያቺን ነጭ፣ ድምፅ አልባ፤
ላስቲኩ አልተላጠም ከወንበሯ ገና።
«ጋሽ ኩምሳ፣ ፖርቶመጋላ ይበይዱልኝማ፣
ውኃ ከጠፋብን ዘጠኝ ቀን ሞላና።»
ኩምሳ ጣራውን በጥፍሩ አንኳኳና፣
«መስታወት ላይ ብየዳ? ልጄ፣ ምን ልበልሽ፤
ኮከብ እየቆጠርሽ ውኃ ሊጠማሽ።»

ሦስት ቢጫ ጀሪካን ከቦኖው ሞልተን፣
ከኋላ ወንበር ላይ በተርታ ደርድረን፣
ልትነሣ ስትል ጮኸች መኪናይቱ፦
ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ።
ሦስት ቀያይ ሰዎች በሩ ስክሪኑ ላይ፤
ተሳፋሪዎቹ ቀበቶ አላሰሩም።

ትርሲት ሳትስቅ ወርዳ አንድ በአንድ አሰረች፤
የትንሹን ክዳን በነጠላዋ ጫፍ ወተፈች።
ያኔ ዝም አለች መኪናይቱ፤ ሰው መስሏት፣
ሰዎቿን ይዛ ሄደች፤
ኮቴም የላት።

አስፋልቱ ላይ ቀረ የጠብታ መስመር።
ኩምሳ ልማዱ ነው፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያደርግ እንደኖረው
ጎንበስ ብሎ ነካ፣
በሁለት ጣቱ አሸት፣ ወደ አፍንጫው አስጠጋ፤
«ዘይት አይደለም» አለ።
እንደገና ነካ።
«ውኃ ነው።»
ጣቱን በቱታው ጠረገና
መዶሻውን ፍለጋ ገባ።