አንዲት «ኢ»

ኩዎፒዮ፣ የካቲት። ሐይቁ ድንጋይ ሆኗል፤
ኡርሆ ጓንቱን ሳያወልቅ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል።
ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሂሳብ ይቀናዋል፣
ዓረፍተ ነገር ግን መሐሉ ላይ ይሰበርበታል።

ትናንት በቋንቋችን ቀጭን ናት፣ ስንጥር፤
በግሥ ጫፍ የተሰካች አንዲት «ኢ»፣ ሌላ የላትም ምስጢር።
«ኑኩ» ካልን ይተኛል፣ «ኑኩይ» ካልን ተኝቶ ነበር፤
ታናሽ እኅቱ እንኳ ሳትማር የያዘችው ነገር።

ጆሮው ደኅና ነው፤ ልቡም አይሰንፍ፤
እሷ ግን ታልፈዋለች፣ ባቡር ትንሽ ጣቢያ እንደሚያልፍ።

ውሻቸው ሄርታ ከሞተች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው።
«ሄርታ በር ላይ ትተኛለች» አለ፤ ብዕሬን አነሣሁ፣ ላርመው።
እናቱ ከበሩ ማዶ ሰምታ ፊቷን አዞረች፤
በልጇ ስሕተት ውስጥ ውሻዋ በሕይወት አለች።
ብዕሬን አስቀመጥሁ።

ዛሬ ግን ሳልጠይቀው፣ እንደ ዋዛ፣ ቀስ ብሎ፣
«ተኝታ ነበር» አለኝ፣ ያቺን «ኢ» ከጫፉ አንጠልጥሎ።
ቅጼ ላይ ሞላሁ፦ «ያለፈ ጊዜ፣ አንድ ከአሥር።»
ይህን ብሥራት ለእናቱ በምን አፌ ልንገር?