አራተኛው ተጫራች

ከረፋዱ አራት ሰዓት የጨረታው ሳጥን ታሸገ፤
አራት ተኩል ላይ ተከፈተ፣ መመሪያው እንደደነገገ።
ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ምላጭ፣ ማኅተም፣ መዝገብ ይዤ፣
ሦስት ፖስታ ቆጠርኩ፣ በደሴ ብርድ ደንዝዤ።
ሰሙን ፋቅሁት። ከሥሩ ወርቅ አይደለም፣ ቁጥር፤
ነጠላ ዋጋ፣ ጠቅላላ ዋጋ፣ ከነቫቱ፣ በብር።

ሥራው፦ ከሆጤ በላይ ላለው ትምህርት ቤት የድጋፍ ግንብ፤
ቁመቱ አራት ተኩል፣ ርዝመቱ ስልሳ ሜትር። የቀረው ደንብ።

የመጀመሪያው ወኪል ስልኩን ይነካካል፤
ሁለተኛው የሲፒኦው ቀን አልፎበት ኮርኒስ ኮርኒስ ያያል፤
ሦስተኛው ከመሐንዲስ ግምት በሃያ ሦስት በመቶ ወርዷል።

ይመር በሊህ፣ መሐንዲሳችን፣ እስክሪብቶውን አስቀመጠ፤
«ይሄ ሃያ ሦስት» አለ፣ «ከየቱ ነው የተቆረጠ?
ከድንጋዩ አይሆንም፤ ድንጋይ ይታያል፣ ይቆጠራል።
ከማይታየው ይሆናል።
ከግንቡ ጀርባ ከሚሞላው ጠጠር፣
ውሃ እንዲተነፍስ ከሚተወው ቀዳዳ፣ ከቱቦው ቁጥር።»

ሰብሳቢው መመሪያውን ገለጡ፤ ጣታቸው አንቀጹ ላይ አረፈ፤
«መስፈርቱን ካሟሉት መሃል ዝቅ ያለው አሸነፈ።»
«ዋጋውን ያብራራ ይላል እኮ፣ ቀጥሎ ያለው ገጽ!»
ሰብሳቢው ቀን መቁጠሪያውን አዩ። ሰኔ ሃያ ስድስት።
በጀቱ ሊቃጠል አራት ቀን ቀርቶታል።
ገጹ ሳይገለጥ ዋለ።

ፈረምን። ፊርማዬ ያምራል ይሉኛል፤
እስከ ዛሬ እዚያ ወረቀት ላይ ያምራል።

ግንቡ ጥር ላይ ተመረቀ፤ ኖራው ነጭ፣ ሪባኑ አረንጓዴ።
ማን ጀርባውን ያያል? ግንብ ፊት እንጂ ጀርባ አለው እንዴ?

በነሐሴ፣ ሌሊት፣ ከጦሳ ትከሻ አንድ ተጫራች ተነሳ፤
ሰነድ ያልገዛ፣ ዋስትና ያላስያዘ፣ ማኅተም የረሳ።
ግንቡ ጀርባ ደርሶ በትሕትና ቆመ፤ መውጫ ጠየቀ፤
ቀዳዳ አጣ። ጠበቀ።
ጠበቀ።
ንጋት ላይ በሩን ራሱ ሠራ።

ልጅ አልነበረም፤ ሌሊቱ አዳነን። የተቀበረው
የሁለተኛ «ለ» ክፍል ወንበር ነው፤
አሥራ ስምንት ቆጠርኩ፤ መቁጠር እንደሆነ ሥራዬ ነው።

ዛሬ ሳጥኑን ወለወልኩ። ያው ግንብ፣ ድጋሚ ጨረታ።
ይመር ቀዳዳዎቹን በሰነዱ አስፍሯል፣ አንድ ባንድ፣ ማታ ማታ።
አራት ሰዓት ሊሞላ ሲል በመስኮቱ ጦሳን አየሁ፤
ደንቡ ባያዘኝም፣ ቁልፉን እንደያዝኩ፣
ለጉሙ፣ ሦስት ጊዜ፣ ጮክ ብዬ ጠየቅሁ፦
«ሌላ ተጫራች አለ?»