ምንም አልተገኘም

ቦሌ አራብሳ፣ አራተኛ ፎቅ፤
መብራት ከሄደ ቆየ፤ ሻማዋ ልታልቅ።
በሒሳብ ደብተሬ፣ በባለ ሳጥኑ፣
ስልክ እሥላለሁ፤ ቁልፉ አውራ ጣት ነው መጠኑ።
እዚህ ጋ «ፈልግ» ይላል፤ እዚያ ጋ «ተመለስ»፤
መሐሉ ላይ የክበቡ ስም፣ ቀኑ፣ ክፍሉ፣
መምህሩ ክፍሉን እስኪቀይሩት ድረስ።

«ተኚ እንጂ» ትላለች እናቴ፣ ከመጋረጃው ወዲያ፤
«ክበብ ለማግኘት ደሞ ስልክ?
በአፍሽ አትጠይቂም እንዴ፣ መጀመሪያ?»

ልክ ናት።
ግን ዘጠነኛ ክፍል ስገባ፣ የመጣን ሰሞን፣
የድሮው ሰፈር ፈርሶ፣
ቁም ሳጥኑ አይሱዙ ላይ በሩ ተገንጥሎ፣
አፌም ከሳህኖቹ ጋር ታሽጎ ነበር በካርቶን።
እረፍት ሲደወል ግድግዳ ይዤ ጫማዬን አያለሁ፤
ዓመቱ ሳያልቅ
የአራብሳን ጭቃ በየዓይነቱ እለያለሁ።

ኋላ ነው የሰማሁት፣ ሰኔ ላይ፣ ፈተናው ሲያበቃ፦
ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ቆርቆሮው ባዘመመ ክፍል፣
አምስት ልጆች ሐሙስ ሐሙስ እያመሹ
በውሃ ቧንቧ በሠሩት መነጽር ሲያዩ ከርመዋል ጨረቃ።
ማስታወቂያውስ? ተለጥፎ ነበር ሰሌዳው ላይ፣
ከጸረ ሙስናው በታች፣ ከደም ልገሳው በላይ፤
ዝናብ አጥቦት «ሥነ» ብቻ ቀርታ ስትታይ።
ሥነ ምን? ሥነ ምግባር? ሥነ ሥርዓት?
እኔ ቅጣት መስሎኝ ነው አንገቴን ደፍቼ ያለፍኩት።

ስለዚህ ይኸው።
ሙባረክ ኮዱን ይጽፋል፣ በወንድሙ ላፕቶፕ፤
ባትሪው ሞቷል፤ ሶኬቱን በእግሩ የነካ ለታ
አንድ ሳምንት ሥራ «ወይኔ!» ሳይባል ድርግም።
ኢፍቱ ክፍል ለክፍል ዞራ ክበቦቹን ቆጠረች፦
አሥራ ዘጠኝ።
ርዕሰ መምህሩ የሚያውቋቸው አሥራ አንድ።
ሁለቱ ማኅተም እንጂ አባል የላቸውም።
አንዱ አባል አለው፣ ስም የለውም፦
ሰባት ልጆች፣ ከአጥሩ ሥር፣ የተሰበረ ሬዲዮ ከብበው።
«ምን ብለን እንመዝግባችሁ?» ብትላቸው
«እኛ ክበብ ነን እንዴ?» አሉ፣ ተያይተው።

ማክሰኞ ለሙከራ ለዘጠነኞች ሰጠን።
አንዷ «ኳስ» ብላ ጻፈች፤ አገኘች፤ ሮጠች።
ሌላው «ድራማ»፤ አገኘ።
ኩምሳ ከሁሉ ኋላ ቆሞ ነበር፤
ኮንዶሚኒየሙ ሳይቆም የአባቱ ጤፍ እዚህ ነበር፤
ሰፈሩን ሳይለቅ ሰፈሩ የለቀቀው ልጅ።
ስልኩን ተቀበለን፤ ጀርባውን ሰጠን፤ ቀስ ብሎ ጻፈ።
መለሰልን። ሄደ።

«የሚያወራኝ ሰው» ይላል።
ከሥሩ፣ በቀይ፣ ሙባረክ እንዳዘዘው፦
«ምንም አልተገኘም።»

ይኸው ሦስት ሌሊት ይቺን አንዲት ገጽ
እየፋቅሁ እሥላለሁ፤ ወረቀቱ ሳሳ።
ቀዩን አጠፋሁት። ምን ልተካ ታዲያ?
«እንደገና ሞክር»? ስንት ጊዜ ይሞክር?
«ፊደሉን አስተካክል»? ፊደሉ ልክ ነበር።

ሻማዋ አለቀች።
መስኮቱ ጋ ሄድኩ። ከመጨረሻው ብሎክ ወዲያ ጅብ ይጮኻል፤
መብራት የለምና ሰማዩ ሞልቷል።
የአንዱንም ኮከብ ስም አላውቅ፤
ያን ክበብ ሳላገኘው ዓመቱ አልቋል።

በስልኬ ብርሃን፣ ሦስት በመቶ በቀረው፣
ባዶው ሳጥን ውስጥ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦
«እስካሁን የለም።
ሐሙስ ዘጠኝ ተኩል፣ ከቆርቆሮው ክፍል ጀርባ ና፤
እኔም ይህንኑ እየፈለግሁ ነው።»
ከሥሩ ቁልፍ ሣልኩ። ምን ልበለው? ጠፋኝ፤ ባዶውን ተውኩት።

«አልተኛሽም?» አለች እናቴ።
«እየጠየቅሁ ነው፣ እማ» አልኳት።