ሣጥን ቁጥር መቶ ዐሥራ ሰባት

ጎንደር የገባሁት ቀትር ላይ ነው፣ በሚኒባስ፣
ጉልበቴ ላይ ፌስታል፣ ፌስታሉ ውስጥ የአባቴ ልብስ፤
የመንግሥት ንብረት ነው፣ ይመለስ ተብሏል፣
ካኪ ኮት፣ ካኪ ሱሪ፤ ክርኑ ላይ ተጥፏል።
ኪሱን ስዳብስ ቁልፍ፤ አጭር፣ ጥርሱ የተበላ፣
የፖስታ ቤት ቁልፍ፣ ምን አደረሰው ቆላ?

አጣናው ይባላል። አልጣሽ በረሃ ሠላሳ አንድ ዓመት ዘብ፣
ዝሆን ቆጥሮ የሚያድር፣ ደሞዙን የማያስብ።
ክረምት ሳይገባ፣ መንገድ ሳይዘጋ ከገለጉ ወጥቶ፣
የዓመቱን ወሬ ሁሉ ባንድ ገጽ ሸክፎ አምጥቶ፣
ከዚሁ ከጎንደር ይልክልን ነበር፤
የእኛን መልስ ከሣጥኑ አውጥቶ፣ በማግሥቱ ወደ ዱር።

«ደኅና ነኝ። ዝናብ ዘግይቷል። ዐይማ ወንዝ ደርቋል።
አሸዋው ሲቆፈር ግን ውሃ ይገኛል።
ሦስት ዝሆን አየሁ፤ አንዷ ያረገዘች መስሎኛል።»

የመጨረሻው ይኸ ነው። ሰላምታው ከታች፣ በጠባቡ።
እናቴ ትስቃለች፣ ከዚያ ትቆጣለች፣ ከዚያ ዝም፤
እኔ ያን በረሃ እስከ ዛሬ አይቼው አላውቅም።

ፒያሳ ወረድኩ። ፖስታ ቤቱ እዚያው ነው፣
ግንባሩ እንደ መርከብ የተቆለመመ፣ ባሕር የሌለው፣
ጣልያን ለዘላለም ብሎ የሠራው፣
ባምስት ዓመቱ ጥሎት የሄደው።
ቢጫው ሲላጥ ከሥሩ ሌላ ቢጫ፣ ከዚያም ሥር ሌላ፤
ርግቦች ኮርኒሱን ተከራይተው፣ ባጃጅ እየጮኸ ከኋላ።
ደረጃው ላይ ሚዛን ዘርግቶ የተቀመጠ ሽማግሌ፤
አምስት ብር ከፈልኩ። አምሳ አራት ኪሎ፣ ከነፌስታሌ፣
ማለት ከነአባቴ።

«ግንቡን አይተሻል?» አለኝ ቀና ብሎ።
«ጎንደር ተመጥቶ ፋሲልን ሳያዩ ይኬዳል ቶሎ?»
እመለሳለሁ አልኩት።

ወይዘሮ ዝማም መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣
መዝገቡን ገለጠች፣ ጣቷን በምራቅ አርጥባ፣ ተንጠላጥላ፤
«መቶ ዐሥራ ሰባት… አጣናው… አራት ዓመት ውዝፍ አለባቸው፤
ለመድኃኒት ቤት ሰጥተነዋል። ምነው ሳይነግሩን መቅረታቸው?»
ባለፈው ጥቅምት ዐረፈ አልኳት፤
ቀድሞም ጉልበቱ ከድቶት ነበር።
ዝም አለች። ብዕሯን ፈለገች፣ ጠረጴዛው ላይ ሳለ ጠፋባት።
«ነፍስ ይማር» አለች። ቀጥሎ፣ ወደ መዝገቡ አጎንብሳ፣
«ውዝፉን እሰርዘዋለሁ።» ሰረዘችው፣ በማስመሪያ፣ ሳትረሳ።
ስንት ሰው ለቅሶ ደርሶኛል፤ ሁሉም «እግዜር ያጥናሽ» ይላል፤
እንደዚያ መስመር ያጠናኝ ማን አለ?

ወጣሁ ወደ በረንዳው፣ ሣጥኖቹ ወደተደረደሩበት።
እስቲ አልኩ፣ ማንም ሳያየኝ፣ ቁልፉን ከተትኩት።

ዞረ።

ባለቤቱ ተቀይሯል፣ መዝገቡ ተቀይሯል፣ ሚኒስትሩ፣ ባንዲራው፣
ጓጉንቸሩን ማን ያስታውሰው?
ውስጡ የመድኃኒት ደረሰኝ፣ የዘመን መለወጫ ካርድ ለማላውቀው ሰው፣
ጥግ ላይ ትንሽ አቧራ፤
የማን ጫማ እንዳመጣው የማይታወቅ፣ ተራ አቧራ።
እጄን አስገብቼ ቆምኩ፣ እንደ ሌባ፣
በሰው ጓዳ ሳይጠራ እንደገባ።
ጣልያንም እንዲህ ይሆን የመሰለው፣
ቁልፉ ስለዞረለት ቤቱ የሱ የሆነ የመሰለው?
ዘጋሁት።

ልመልስላት ብዬ ገባሁ። ወይዘሮ ዝማም ለምሳ ወጥታለች።
ወረቀት ላይ ጽፌ ልተወው አሰብኩ። ምን ብዬ?
ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው አሁንም፤ ካኪው ውስጥ መልሼ።

ሌሊት ዐሥር ሰዓት መናኸሪያ። አይከል፣ ገንዳ ውሃ፣ ገለጉ፤
ረዳቱ «ጭነት አለሽ?» አለኝ፤ ሰሊጥ ነጋዴዎች ያንጎላጃሉ ከየጥጉ።
ፌስታል ብቻ አልኩት።
ከግንቡ አናት የቀረ ብርሃን ካለ አልዞርኩም፣ አላየሁት፤
ሞቃት ነፋስ ሲመጣ ነው ተብሏል ቆላ መግባትን የሚያውቁት።
ልብሱን አስረክቤ፣ ፈርሜ፣ የፈረመልኝንም ሰው አመስግኜ፣
አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ከደብተር ገጽ ጀርባ የጻፍኩት፣ ይጠፋብኛል ብዬ፤
ዝሆን የሚቆጥረው አሁን ማን ነው?
ያቺስ፣ አራት ዓመት አለፋት፣
ወለደች?