ቀለበት ያላሰሩት

ሁለት መቶ አርባ ፓምፕ፣ ቀለም ተቀብቶ፣
መጋዘን ቆሟል ደረቱን ነፍቶ፤
ሞተሩ ተገጥሟል፣ ብሎኑ ጠብቋል፣
አንድ ነገር ብቻ፣ አንድ ነገር ጎድሏል፦
ከአውራ ጣት የማይሰፋ የካርቦን ቀለበት፣
ውሃ ከሞተሩ እንዳይደርስ ዘብ የሚቆምበት።
ሠራተኛው ያሾፋል፦ «ተኳኩለው ቀሩ፣
ሽማግሌው ባሕር ላይ፣ ቀለበት ሳያስሩ።»

ቴንሞዚ እባላለሁ፤ ግዢ ክፍል ነው ወንበሬ፣
እዚሁ ኮይምባቶር፣ ፒላሜዱ ሠፈሬ።
ፕሮፎርማ ሳማርጥ፣ ሳንቲም ስለቅም ነው ያረጀሁ፤
ባሕርን ግን ገና ዘንድሮ ነው ያወቅሁ።
ቀይ ባሕር አያሳልፍም ተብላ መርከቧ ፊቷን ስታዞር፣
እንደ አስታማሚ አጠገቧ አደርኩ፣ ዓይኔ ከስልኬ ሳይሰወር፦
ዛሬ የካናሪ ደሴቶች፣ ሰኞ የአንጎላ ዳር፣
ከዚያ ደቡብ፣ ከዚያ ምሥራቅ፣ አፍሪካን በሙሉ ስትዞር።
ሃያ ቀን የነበረው መንገድ ሃምሳ ሆነ፤
የኮንቴይነሩን ኪራይ አለቃዬ ቆሞ ሰማና፣ ወንበር ለመነ።

ድሮ ሲሰብክ ፓላኒቬል፣ «የተኛ ዕቃ የተኛ ገንዘብ ነው፤
የዛሬ ዕቃ ዛሬ ጠዋት ይድረስ» ነበር የሚለው።
በዚሁ ስብከት መጋዘኑን ለሁለት ከፍሎ፣
ግማሹን መኪና ማቆሚያ አደረገው፣ ጥላ ተክሎ።
ዘንድሮ መኪናው ፀሐይ ላይ ዋለ፤
ጥላውን አናጢ ወረሰው፣ መደርደሪያ ሊመልስ ተባለ።

ገበሬ ደወለ። ጉድጓዱ ውሃ አለው፣ ሙዙ ግን ጠውልጓል።
«መርከቧ ዘግይታ…» ስል፣ ነገሬን አቋረጠኝ፦
«እኔ ፓምፕ ነው የገዛሁት። መርከብ ማን ሸጠኝ?»

ያን ቀን ምሳዬን ትቼ ሦስት መንገድ ተሻገርኩ፣
የኡላጋናታንን ቶርኖ ቤት ቀስ ብዬ ቆረቆርኩ።
ከዘጠኝ ዓመት በፊት ቀለበታችን የሱ ነበር፤
የጄኖዋው በአሥራ አንድ ሩፒ ረከሰና፣ ፊታችንን አዞርን ወደ ባሕር።
ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ። «ስላገለገሉን እናመሰግናለን።»
አልጣለውም። ገልብጦ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል፤
በጀርባው የቀለበቱን ልክ በእርሳስ ስሎበታል።

«ልክሽ ይኸውልሽ» አለኝ፣ የእጁን ዘይት እየጠረገ።
«ካርቦኑን ከቼናይ አስመጣለሁ። ባሕሩ ሲከፈትስ?»
መልስ አልነበረኝም። የቶርኖው ቀበቶ ብቻ ይጮኻል።
«ያኔ ‹አንለይህም› ያላችሁኝ በአፍ ነበር፤
ያሰናበታችሁኝ በወረቀት።
ዛሬ ከወረቀቱ እንጀምር።»

ተፈረመ፦ ሦስት ዓመት፣ ከምንፈልገው ግማሹ።
መጀመሪያ የቆረጣቸው ሃያዎቹ አፈሰሱ፤
ጣላቸው፣ ደግሞ ቆረጠ፣ ደግሞ ለካ።
የገበሬው ፓምፕ ተጫነ፤ ከመርከቧ ቀድሞ ለካ!
እሷም በሃምሳ ሦስተኛ ቀኗ፣ ጎኗን ጨው በልቶት፣ ደረሰች፤
ማንም አላጨበጨበላት። ዕቃዋን አራገፈች።

አሁን መደርደሪያው ላይ ሁለት ሣጥን ጎን ለጎን ይታያል፤
አንዱ አህጉር ዞሮ፣ አንዱ በብስክሌት ይመጣል።
የብስክሌቱ ዛሬም በአሥራ አንድ ሩፒ ይወደዳል።
ሒሳብ ሹሙ ጠየቀኝ፦ «ይቺ አሥራ አንድ ሩፒ የምን ናት?»
የመዝገቡን ርእሶች ከላይ እስከ ታች አየሁ፣
ኪራይ፣ ቀረጥ፣ ጥገና፣ ደመወዝ…
ስም አጣሁላት።
«ልዩ ልዩ» ብዬ ጻፍኳት።